ቀይ ክር የታሰረበት ጸጉር

እማዋይሽ ሰው አታምንም። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ራሷም ብትጠየቅ አትክድም። ዘይት ስትገዛ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንሥታ ታገላብጠዋለች። ባጃጅ ስትሳፈር፣ ከመገንጠያው እስከ ገበያው ያለው መንገድ አንድ ብቻ መሆኑን እያወቀች፣ «በየት በኩል ነው የምትወስደኝ?» ሳትል አትቀመጥም። የሠፈሩ ሰው «እሷ እኮ የራሷን ጥላ መታወቂያ ትጠይቃለች» እያለ ይስቅባታል። ይሳቅ። እሷ የሚስቁትንም ለምን እንደሚስቁ ትጠረጥራለች።

ሙያዋ ሹሩባ ነው። ወረታ ውስጥ ሹሩባ የሚሠራ ሞልቷል፤ ስስ ጸጉር ይዛ የምትዞርን ሴት ግን ሁሉም ወደ እማዋይሽ ይልካታል። ወፍራም ጸጉር ማንም ይሠራዋል ባይ ናት። እጅ የሚፈተነው ገና በሚዶ ሲነካ በሚበጠስ፣ ከፈል ሲያደርጉት የራስ ቆዳው ብልጭ በሚል ጸጉር ላይ ነው። ሌሎቹ መስመሩን በወስፌ ቀጥ አድርገው ይከፍላሉ፤ ቀጥ ያለ መስመር ደግሞ ስስ ራስ ላይ እንደ አስፋልት ከሩቅ ይታያል። እሷ ወስፌዋን ወዲህና ወዲያ እያጠማዘዘች ትከፍላለች፤ አንዱ ጉንጉን የሌላውን ክፍተት ይሸፍነዋል። ሚዶዋን ከጫፍ ጀምራ እያፍታታች ነው ወደ ሥር የምትወጣው። ቅቤ አታበዛም፤ ቅቤ ሲበዛ ስስ ጸጉር እርስ በርሱ ይጣበቅና ጉዱን ያወጣል፤ ስለዚህ የባቄላ ፍሬ የምታህል በመዳፏ አቅልጣ ጫፍ ጫፉን ብቻ ታብሰዋለች። የግንባሩን ዳር ተልባ አፍልታ፣ በጨርቅ አጥልላ፣ በዚያ ዝልግልግ ውሃ ታስተኛዋለች። አጥብቃ አትጎትትም። ዊግ ጨምሪልኝ የምትላትን «ይኸን ሸክም የሚችል ሥር የለሽም» ብላ ትመልሳታለች።

ፎገራ የሩዝ አገር ከሆነ ወዲህ ሴቱ ሁሉ ሩዝ ያጠበበትን ውሃ አሳድሮ ጸጉሩን ይለቀለቅበታል፤ ያሳድጋል ይባላል። እማዋይሽ ሁለት ክረምት ሙሉ ተጠራጠረች፣ በራሷ ላይ ሞከረች፣ ከዚያ በኋላ ነው ለደንበኞቿ የፈቀደችው። እሱንም ቢሆን «ያለውን ጠንከር ያደርገዋል እንጂ የሌለውን አያበቅልም» እያለች ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ደንብ አላት። ከቤቷ ማንም ሴት የራሷን ርጋፊ ትታ አትወጣም። በሚዶ የወጣውን እያንዳንዱን ጸጉር ከወለሉም ከቀሚሱም ለቅማ፣ ጠቅልላ፣ በባለቤቷ መዳፍ ላይ ታስቀምጣለች። «ያንች ነው፣ ውሰጅው። ከኔ ቤት የሰው ጠጉር አያድርም» ትላለች። ጸጉር እጁ የገባ ሰው ድግምት ሊያሠራበት፣ ትዳር ሊያፈርስበት እንደሚችል የተማረችው ተወልዳ ባደገችበት ቁሐር ሚካኤል፣ ከእናቷ ከእናኑ ነው። እናኑ ርጋፊዋን ከግድግዳ ስንጥቅ ወትፋ፣ ላዩን በጭቃ መርጋ፣ ዞር ዞር ብላ ያያት ሰው አለመኖሩን አረጋግጣ ነበር ወደ ሥራዋ የምትመለሰው። ሴቶቹ ይህን የእማዋይሽን ደንብ ይወዱታል። ከሐሙሲት ድረስ ተሳፍረው የሚመጡት ለእጇ ብቻ አይደለም፤ ጸጉራቸው ማንም እጅ እንደማይገባ ስለሚያውቁም ነው።

ማንም የማያውቀው ነገር የእማዋይሽ የራሷ ጸጉር መሳሳቱን ነው። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ታይፎይድ ጥሏት ስትነሣ በእፍኝ በእፍኝ ወጣ። ተመልሶ የበቀለው የቀድሞውን ሲሶ አይሆንም፤ መሐል አናቷ ላይ ቆዳው ይታያል። በዚያው ዓመት ባሏ አያልነህ ከብት ነድቶ ወደ መተማ እንደሄደ ቀረ። ሰው ሌላ ሴት ይዞ ነው ይላል። እማዋይሽ ጸጉሬን አይቶ ነው ትላለች፤ ይህን የምትለው ግን ለራሷ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ሻሿን አውርዳ አታውቅም። ከአሮጌ ሹራብ አንድ እጅጌ ቆርጣ ከሻሹ ሥር ትጠመጥመዋለች፤ ያየ ሁሉ «ይኸ ሁሉ ጠጉር!» ይላታል፣ አንዳንዷም ዓይን እንዳይነካት እንትፍ እንትፍ ትልላታለች። እማዋይሽ አንገቷን ቀና አድርጋ ምርቃቱን ትቀበላለች። ሽበቷን በሒና ታቀላለች፤ ሒናውን የምትገዛው «ለደንበኛ ነው» እያለች ነው።

ነገሩ ቀልድ እንዳይመስል፣ የሹሩባ ሠሪ ስሟ በእጇ ነው። እጇ ለጸጉር ይሆናል የተባለች ትበላለች፤ እጇ ይነቅላል የተባለች ሚዶዋን ጠቅልላ ሌላ ሥራ ትፈልጋለች። የስስ ጸጉር መድኃኒት የተባለችው ሴት ራሷ መላጣ ልትሆን ጥቂት ቀርቷታል ከተባለ ማን አንገቱን ደፍቶ ጸጉሩን ይሰጣታል? ይህን እያሰበች ሰኞ ሰኞ ጧት፣ ደንበኛ ሳይመጣ፣ በሩን ቀርቅራ ራሷን በራሷ ትሠራለች። ርጋፊዋን ከመስታወቱ ጀርባ ባለው የግድግዳ ስንጥቅ ትወትፈዋለች። ያ ስንጥቅ የእሷ ብቻ ነው።

ግድግዳው ግን የእሷ ብቻ አይደለም። ቤቱ የአቶ መንግሥቴ አሮጌ ጭቃ ቤት ነው፤ አንዱን ቤት ለሁለት ከፍለው ነው ያከራዩት። በወዲያ በኩል ቱርኪያ ሻሽ፣ ሒና፣ የጸጉር ዘይትና ሳሙና ትሸጣለች። ሁለቱ ሴቶች አሥራ አራት ዓመት ጎረቤት ናቸው። የቱርኪያ ባል አህመዲን ሲሞት ሱቁን ሳምንት ሙሉ ከፍታ የጠበቀችላት እማዋይሽ ናት። እማዋይሽ በታይፎይድ ስትወድቅ አጥሚት በማንኪያ ያጠጣቻት ቱርኪያ ናት። ያኔም ቢሆን ቱርኪያ በገባች ቁጥር እማዋይሽ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ትስበው ነበር።

ግንቦት ላይ ባጃጅ የሚነዳው የቱርኪያ ልጅ ታጁ ሚስት አገባ። ሙሽራዋ ያስሚን ከሐሙሲት ነጋዴ ቤተሰብ የመጣች፣ ንግግር የማታበዛ፣ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ሠርጉ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ቱርኪያ ምራቷን ይዛ እማዋይሽ ዘንድ ገባች። መጋረጃው ተጋረደ፣ ያስሚን ሒጃቧን አወረደች። ጸጉሯ ድሮውንም ቀጭን ነው፤ ለሠርጉ ደግሞ በፔስትራ ተተኩሶ፣ ሂውማን ሄር ተሰፍቶበት፣ የግንባሯ ዳር ዳር ተበጣጥሷል። በሒና የቀላው ጫፉ እንደ ጭድ ደርቋል።

«ያ ረቢ!» አለች ቱርኪያ። «ይኸን ሸፍነው ነው እንዴ የሰጡን?»

እንደ ቀልድ ነበር ያለችው። ያስሚን ግን አንገቷን ደፋች።

«ምን ሁኗል?» አለች እማዋይሽ። «የተጎዳ ነው እንጂ ያለቀ አይደለም። ስሚ ልጀ፣ እስከ መስቀል ድረስ እሳት እንዳይነካው። ስትታጠቢ በጥፍርሽ አትቧጭሪው፣ በጣትሽ ሆድ እሽት እሽት አርጊው። በፎጣ አትፈትጊው፤ ጫን ጫን እያረግሽ ብቻ ውሃውን ምጠጭው። ስትተኝ ለስላሳ ሻሽ እሰሪበት።»

ያስሚን የተባለችውን ሁሉ አደረገች። በየሁለት ሳምንቱ እየመጣች ከመስታወቱ ፊት በርጩማው ላይ ትቀመጣለች፤ ክረምቱ ሲጋመስ የግንባሯ ዳር አቆጠቆጠ። አንድ ቀን በመስታወቱ ውስጥ እማዋይሽን አየት አድርጋ «እትየ፣ እርስዎስ ምን ቢቀቡ ነው እንዲህ የሞላልዎት?» አለቻት።

«ዘር ነው» አለች እማዋይሽ። ያን ዕለት ቀኑን ሙሉ ልጅቱ ለምን እንደጠየቀቻት ስታብሰለስል ዋለች።

ክረምቱ ከባድ ነበር። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ተኙ፤ ቁሐር ያሉ ዘመዶቿ ከብቱን ይዘው ወደ ደረቅ ቦታ ወጡ። ወረታ ላይ ደግሞ የጭነት መኪና በመገንጠያው በዞረ ቁጥር የመንግሥቴ ቤት ይንቀጠቀጣል፤ ጭቃው ርሶ፣ ደርቆ፣ እንደገና ርሶ ይሰነጣጠቃል። መስከረም ሁለተኛ ሳምንት፣ ሰኞ ጧት፣ እማዋይሽ ርጋፊዋን ልትወትፍ ጣቷን ወደ ስንጥቁ አስገባች። ባዶ ነው። የስንት ወር ጸጉሯ የለም።

መደቡ ላይ ቁጭ ብላ በጣቷ እየቆጠረች ሰው ትመዝን ጀመር። አቶ መንግሥቴ የቤት ኪራይ ሊቀበሉ ሲመጡ መስታወቱን ነክተውታል። ያስሚን ሁልጊዜ ከዚያ ፊት ነው የምትቀመጠው፤ ያን ጥያቄዋንም ጠይቃለች። ቱርኪያስ? ቱርኪያ ከጳጉሜ ወዲህ ተለውጣለች። ሰላምታዋ ቀዝቅዟል፤ ሱቋ የገባን ሰው ፊቱን ትታ እጁን እጁን ታያለች፤ ድሮ ክፍት ትታው የምትሄደውን በር አሁን ለሶላት ስትገባም ትቆልፈዋለች። የሚደበቅ ነገር የሌለው ሰው ምን ያስቆልፈዋል? እማዋይሽ በዚህ ላይ ጥርጣሬዋን አሳረፈች። የአሥራ አራት ዓመት ጎረቤቴ ጸጉሬን ወስዳ የሆነ ቦታ እያስደገመችብኝ ነው አለች በልቧ፤ ካልሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብላ ማለች፤ ይህን ግን ለማንም አልተነፈሰችም።

ሌባዋን በእጇ ልትይዝ ወሰነች። በሚቀጥለው ሰኞ ርጋፊዋን አድበልብላ፣ ከስፌት ቆርቆሮዋ ቀይ ክር መዝዛ፣ እንዳይፈታ ሦስት ጊዜ ቋጠረችው። ይህን ክር ያየሁበት ቤት የሌባዬ ቤት ነው ብላ ከስንጥቁ ወተፈችው። ማክሰኞ ጧት ስታይ ቦታው ባዶ ነው።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ቱርኪያ ራሷ መጣች። ገብታ አልተቀመጠችም።

«እማዋይሽ፣ በሩን ዝጊው።»

ዘጋችው። ቱርኪያ ከልብሷ ሥር ጥቁር ፌስታል አወጣች፤ የያዘችው በሁለት ጣቷ ጫፍ ነው።

«ከነሐሴ ጀምሮ ከመደርደሪያየ ሥር ጠጉር አገኛለሁ» አለች። «መጀመሪያ አይጥ ያመጣው ነው አልሁ። ጠርጌ አወጣዋለሁ፣ ደግሞ አገኘዋለሁ። አላህ ያውቃል፣ ለሰው አልተናገርሁም፤ የሱቄን ደንበኛ ሁሉ ሌባ አርጌ ሳይ ከረምሁ። ትላንት ግን ይኸን አገኘሁ።»

በወረቀት ይዛ አወጣችው። ድቡልቡል፣ ስስ፣ በሒና የቀላ ጸጉር፤ በቀይ ክር ሦስት ጊዜ የተቋጠረ።

«አይጥ ክር ያስራል?» አለች ቱርኪያ። «ሦስት ቋጠሮ እኮ ነው! ድግምት ታስሮብኛል፤ ሱቄ ይሁን ልጄ የታሰረው አላውቅም። እስቲ አንች ተናገሪ፤ ከኔ ቤት ስስ ጠጉር ያላት ማን ናት? ሒና የተቀባችውስ? ይች ልጅ ከገባች ወዲህ ነው ይኸ ሁሉ። ቅዳሜ ታጁ ለእናቷ ይመልሳታል፤ ነግሬዋለሁ።»

«ታጁ ምን አለ?»

«አለቀሰ። ምን ይላል?» ቱርኪያ ጠጋ አለች። «እኔ የማምነው አንችን ነው። የልጅቱን ራስ በእጅሽ ታውቂዋለሽ፣ ጠጉር አይተሽ የማን እንደሆነ ትለያለሽ። የሷ ነው በይኝና ልቤ ይረፍ።»

እማዋይሽ ጸጉሩን አየችው። የራሷን ጸጉር፣ የራሷን ክር፣ የራሷን ቋጠሮ።

«እንጃ» አለች በመጨረሻ። «በደንብ ሳላየው አልልም።»

ቱርኪያ ፌስታሉን ቋጥራ ወጣች። ለእማዋይሽ ትታላት ልትሄድ አልፈለገችም።

እማዋይሽ በሩን ቀርቅራ ከመስታወቱ ጀርባ ሄደች። ረጅም ስንደዶ አንሥታ ወደ ስንጥቁ ሰደደችው። ገባ። አንድ ክንድ ሙሉ ገባ፣ ምንም ሳይነካው። ስንደዶውን እንደተሰካ ትታ፣ ሳሙና የምትገዛ መስላ ወደ ቱርኪያ ሱቅ ዞረች፤ ቱርኪያ ሳሙናውን ስትጠቀልል ጎንበስ ብላ ከመደርደሪያው ሥር አየች። የስንደዶው ጫፍ ከግድግዳው ወጥቶ ቆሟል። ሌባ የለም፣ ድግምትም የለም፤ ያለው የአቶ መንግሥቴ የተሰነጠቀ ጭቃ ነው። በላዩም የእሷ ቀይ ክር።

ታዲያ ለምን እዚያው አልተናገረችም? ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር። ጸጉሩ በግድግዳው ነው የመጣው ብትል ቱርኪያ የማን ነው ትላታለች። የደንበኞቼ ነው ብትል፣ ከቤቴ የሰው ጠጉር አያድርም ስትል የኖረችው ሁሉ ውሸት ሊሆን ነው፤ ያን የሰማች ሴት ዳግመኛ በሯን አትረግጥም። የኔ ነው ብትል ደግሞ ሻሿን ማውረዷ ነው። በሁለቱም በኩል ስሟ ይሄዳል። ሳሙናዋን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ አደረች፤ ሐሙስ ቀን የመጣችላትን ደንበኛ ለመጀመሪያ ጊዜ አጥብቃ ጎትታ አሳመመቻት።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ያስሚን መጣች። ዓይኗ አብጧል፤ እያለቀሰች ግን አይደለም።

«እትየ፣ ሹሩባየን ይፍቱልኝ» አለች። «በእርስዎ እጅ ተሠርቶ በሌላ ሰው እጅ እንዳይፈታ ብየ ነው።»

እማዋይሽ መጋረጃውን ጋርዳ ሥራዋን ጀመረች። ጉንጉኑን አንድ በአንድ ፈታች። ጸጉሩ አገግሟል፤ ግንባሯ ዳር ላይ አዲስ የበቀለው አጭሩ ጸጉር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ይህን ጸጉር አራት ወር ሙሉ ስታስታምም ኖራ ነገ ለሐሙሲት መንገድ ልትሰጠው ነው። ያስሚን በመስታወቱ ውስጥ አየቻት።

«እኔ አላደረግሁትም» አለች ቀስ ብላ። «እናቴ ምን እንደምትል አላውቅም። ለሠርጌ ያልመጣ ዘመድ የለም። እርስዎ እንኳ ያምኑኛል?»

«አምንሻለሁ» አለች እማዋይሽ። ይህን ቃል ለመጨረሻ ጊዜ ለማን እንዳለችው አታስታውስም።

ሥራው አለቀ። እማዋይሽ እጇ ለምዷል፤ ርጋፊውን ከወለሉም ከቀሚሱም ለቀመች፣ ጠቀለለች፣ በልጅቱ መዳፍ ላይ ልታስቀምጥ ዘረጋች። «ያንች ነው፣ ውሰጅው።»

ያስሚን እጇን እሳት እንደነካው ሳበችው፤ ከጀርባዋ ደበቀችው።

«አልወስድም! እርስዎ ያቃጥሉልኝ። ደግሞ ይዠው ብገኝ ምን እባላለሁ?»

እማዋይሽ ርጋፊውን እንደያዘች ቀረች። ዕድሜዋን ሙሉ ሴቶች ከዚህ ዓይነት ነገር እንዲድኑ ብላ ጸጉራቸውን ስትመልስላቸው ኖራለች፤ አሁን አንዲት ልጅ የራሷን ጸጉር መንካት ፈራች፣ ያስፈራቻትም እሷው ናት። አፈረች። እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

«ሒጃብሽን ልበሽ» አለች። «ነይ ተከተይኝ።»

እጇን ይዛ እየጎተተች ወደ ቱርኪያ ሱቅ ገባች። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። እማዋይሽ በሩን ከውስጥ ዘጋች፣ ከመሐል ቆመች፣ ሻሿን ፈታች። የሹራቡ እጅጌ ዱብ ብሎ መሬት ወደቀ።

አሥራ ሁለት ዓመት ሰው ያላየው ራስ በአምፖሉ ብርሃን ወጣ። ቀያይ፣ ቀጫጭን ጉንጉኖች፤ መሐል አናቷ ላይ ቆዳው እንደ ልጅ መዳፍ ለስልሶ ይታያል። ንፋስ የነካት መሰላት፤ በሩ ግን ዝግ ነው።

ቱርኪያ የያዘችውን ሒና ከሚዛኑ ላይ ተወችው።

«ነይ እይው» አለች እማዋይሽ። «በእጅሽ ንኪው። ያ ጠጉር የኔ ነው። ክሩንም ያሰርሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ሌባየን ልይዝ።»

«ሌባሽ ማን ነው?»

«አንች ነሽ» አለች እማዋይሽ። «አንች ነሽ ብየ ነበር።»

ቱርኪያ ፌስታሉን ከሣጥን አወጣች፤ ያን ሁሉ ቀን በወረቀት ስትይዘው የነበረውን ድቡልቡል በባዶ እጇ ያዘች፣ አንድ ዘለላ መዘዘች፣ ወደ ብርሃኑ አነሣችው። ጫፉ ቀይ ነው፤ ሥሩ አንድ የጣት አንጓ ያህል ነጭ ነው። ወደ ያስሚን ዞራ የሒጃቧን ጫፍ ገለጥ አድርጋ አየች። የልጅቱ ሥር ጥቁር ነው። ከዚያ መደርደሪያውን በሁለት እጇ ገፋች፤ ስንደዶው ከግድግዳው ወጥቶ ቆሟል። ነካችው፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ገባ።

«አጥሚት በማንኪያ ያጠጣሁሽ እኔ ነኝ» አለች፤ ጀርባዋን እንደሰጠቻት ነው። «ያኔም ይኸን ራስ ከኔ ደበቅሽው።»

«ደበቅሁት።»

«ምን አረግሁሽ?»

ቱርኪያ ምንም አላደረገቻትም፤ ነገሩ ያ ነው። ቱርኪያ ዕንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች፣ ወደ ምራቷ ዞረች።

«አፉ በይኝ፣ ልጀ፤ በድየሻለሁ» አለች።

ያስሚን የሁለቱን ሴቶች ፊት በየተራ አየች፤ እሷም በአንድ ሳምንት ውስጥ መጠርጠር ተምራለች።

«ሻንጣየን ልፍታው?» አለች። «ወይስ ይቆይ?»

«ፍችው» አለች ቱርኪያ። «እኔው እፈታዋለሁ።»

ቅዳሜ ታጁ ባጃጁን አቁሞ ሲሚንቶ አቡክቶ ስንጥቁን በሁለቱም በኩል ደፈነው። ቱርኪያ «ወላሂ ይኸ ነገር ከዚህች ሱቅ አይወጣም» ብላ ማለች። ቢሆንም በጥቅምት ከሐሙሲት ይመጡ የነበሩ ሁለት ደንበኞች ቀሩ። እማዋይሽ ምክንያቱን አታውቅም፤ ሞኝ ግን አይደለችም። ቱርኪያን ልትጠይቃት ሁለት ጊዜ እስከ ሱቁ ደጃፍ ሄዳ፣ ሁለት ጊዜ ሒና ገዝታ ተመለሰች። ሒናውን ለማን እንደሆነ አልተናገረችም፤ ቱርኪያም ሳትጠይቃት ለአንድ ራስ የሚበቃውን መዘነችላት።

በዚያው ሰሞን አንድ ሰኞ ጧት በሯ ተንኳኳ። ያስሚን ናት፤ በአንድ እጇ ሚዶ፣ በሌላው አንድ ጣሳ የሩዝ ውሃ ይዛለች።

«ዛሬ እኔ ልሥራዎት» አለች።

እማዋይሽ ልትቃወም አፏን ከፈተች። ከዚያ ሄዳ ደንበኞቿ በሚቀመጡበት በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከጀርባው ስትቆም የኖረችበት በርጩማ ነው፣ ሲቀመጡበት ዝቅ ያለ መሆኑን አታውቅም ነበር። ሻሿን ራሷ ፈታች። የሹራቡ እጅጌ ከእንግዲህ የለም፤ መስኮት መጥረጊያ ሆኗል። የያስሚን ጣቶች አናቷን ሲነኩ ትከሻዋ ተሸማቀቀ።

«አታጥብቂ» አለች።

«አላጠብቅም። የሚያመውን ቦታ አውቀዋለሁ።»

ልጅቱ ከጫፍ ጀምራ አፍታታች። የሩዙን ውሃ በመዳፏ እየቀዳች አርከፈከፈች። ወስፌውን አንሥታ መስመሩን ወዲህና ወዲያ እያጠማዘዘች ከፈለች፤ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም፣ በራሷ ላይ ሲሠራ ነው የተማረችው። እማዋይሽ በመስታወቱ ውስጥ የልጅቱን እጅ እየተከታተለች ነበር፤ ስህተት ለማግኘት። አንድ አገኘች፣ ዝም አለች።

ሲያልቅ ያስሚን ርጋፊውን ከወለሉም ከቀሚሱም ለቀመች። ቀዩንም ነጩንም ጠቀለለች፣ መዳፏን ዘረጋች።

«የእርስዎ ነው፣ ይውሰዱት።»

እማዋይሽ ድቡልቡሉን አየችው። እጇን ሰደደች፤ ጸጉሩን ግን አልወሰደችም፣ የልጅቱን ጣቶች አንድ በአንድ በላዩ ላይ አጠፈቻቸው።

«አንች ጣይልኝ።»

«የት?»

«ደስ ባለሽ ቦታ።»

ያስሚን ድቡልቡሉን ይዛ ወጣች። የእግሯ ኮቴ ደጃፉ ላይ ተሰማ፣ ወደ አንድ በኩል ዞረ፣ ራቀ። ከበርጩማው እስከ መስኮቱ ሁለት እርምጃ ነው፤ ብትነሣ ልጅቱ የት እንደምትጥለው ታይ ነበር። እማዋይሽ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ፊቷን ወደ መስታወቱ አድርጋ፣ ልጅቱ እስክትመለስ ድረስ ቁጭ አለች።